ክሊኒክ በወረርሽኝ ዘመን፤ ከኢታንግ የሚገኝ ትምህርት



የወረርሽኝ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዋና ከተማ ነው። የሕሙማን ቁጥር የሚደመረው፣ መግለጫ የሚሰጠው፣ ዐዋጅ የሚታወጀው በዚያ ነው። ሸክሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ግን ጥቂት ነርሶች፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛና አንድ ዘበኛ ባሉበት የጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወረርሽኝ ሲገባ የአንድ ክሊኒክ አሠራር እንዴት ሊለወጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ኢታንግን መነሻ ማድረግ ይበልጥ ያስተምራል።

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። አኙዋ፣ ኑዌርና ኦፖ የሚኖሩበት የኢታንግ ልዩ ወረዳም ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ለሱዳን የሚሆን የንግድ ጣቢያ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ውሉ ወንዙን የፈለገው ለመርከብ ነበር። መርከብ ይሄድ የነበረው ደግሞ ባሮ በክረምት ሲሞላ ነበር፤ ባሮ ሲሞላ ግን ከዳርቻው እያለፈ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፣ መንገዱን ይቆርጣል፣ ጉድጓዱንና መጸዳጃውን አንድ ያደርጋል። በኢታንግ የጤና ሥራ ሲታቀድ ይህ ውሃ ምንጊዜም ከሐሳብ ሊወጣ አይችልም።

በወንዙ ላይ የሰው ጎርፍ ተጨመረበት። በ1975 ዓ.ም. የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት እንደገና ሲያገረሽ በኢታንግ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር ከ200 ሺህ በላይ ሰው እስኪይዝ ድረስ አድጎ፣ በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት ተበተነ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት የኩሌና የቲርኪዲ ሰፈሮች በዚሁ ወረዳ ተከፈቱ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የመላው ጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ያህል ነበር፤ ከ2006 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ የተጠለለው ስደተኛ ከዚህ ቁጥር ጋር የሚስተካከል ሆነ። በአገሪቱ የጤና ሥርዓት የገጠር ጤና ጣቢያ የታቀደው ከ15 እስከ 25 ሺህ ለሚደርስ ሰው መሆኑ ሲታሰብ፣ ሚዛኑ ምን ያህል እንደተዛባ መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ባለ ስፍራ ወረርሽኝ የመደበኛው ሥራ ጎረቤት ነው። ከዚህም የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ወረርሽኝ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። በሽታው የሚተላለፍበትን መንገድ ለይቶ ሥራውን በዚያው ልክ ያላስተካከለ ክሊኒክ ብዙ ደክሞ ጥቂት ይጠቅማል። በአካባቢው የታዩ ሦስት በሽታዎች ይህን በግልጽ ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው በ2006 ዓ.ም. በኩሌ፣ በቲርኪዲና በሌቹዎር ሰፈሮች የታየው ሄፓታይተስ ኢ ነው። እስከ 2007 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ከአንድ ሺህ በላይ የተጠረጠሩ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በሽታው በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይን ቢጫነት የሚታየው በሽተኛው ውሃውን ከጠጣ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ታማሚው ክሊኒክ በደረሰበት ቀን፣ ምንጩ ብዙ ሌሎች ሰዎችን አዳርሷል ማለት ነው። የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። አብዛኛው ታማሚ በራሱ ይድናል፤ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ከሚያዙት ሴቶች ግን ከመቶ ከ20 እስከ 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። እንግዲህ ክሊኒኩ በዚህ ጊዜ ትኩረቱን ማዛወር ያለበት ወደ እርጉዞች መከታተያ ክፍል ነው። የእያንዳንዷን እርጉዝ ዓይን በብርሃን መመልከት፣ ቢጫ ሆኖ የተገኘውን ሳይዘገዩ ለብቻ መመዝገብና መከታተል፣ ያልመጣችውንም በቤቷ ሄዶ መፈለግ ከመድኃኒት መደርደሪያው ይበልጥ ሕይወት ያተርፋል። የቀረው ሥራ ከክሊኒኩ ግቢ ውጭ ነው፤ በጀሪካኑ፣ በክሎሪኑ፣ በሳሙናውና በመጸዳጃው ዘንድ። በሽታውን የሚከላከል ክትባት በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመቻ መልክ የተሰጠው በ2014 ዓ.ም. በጎረቤት ደቡብ ሱዳን፣ በቤንቲዩ የተፈናቃዮች ሰፈር ነበር። ይህ ተስፋ ነው፤ ሆኖም የንጹሕ ውሃን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛው ኮሌራ ነው። በ1998 ዓ.ም. «አተት» በሚል ስም የታወቀው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በጋምቤላ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር አካባቢም ኮሌራ በክልሉ እንደገና ብዙ ሰው አጥቅቷል። ሄፓታይተስ ኢ ሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን ኮሌራ የሚሰጠው ሰዓታት ብቻ ነው። በጠና የታመመ ሰው ፈሳሹ በጊዜ ካልተተካለት በአንድ ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጊዜ የተደረሰለት ግን ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሊድን የሚችል ነው። ገዳዩ ርቀት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክሊኒኩ ሁሉም ወደ እርሱ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባውም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በየመንደሩ፣ በየወንዙ መሻገሪያ ማድረስ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያሻቸውን ብቻ ወደ ጤና ጣቢያው ማምጣት፣ በግቢውም ውስጥ የኮሌራ ሕሙማን መግቢያና መውጫ ከወላዶችና ከሕፃናት ክፍል ፈጽሞ የተለየ እንዲሆን ማድረግ የግድ ነው።

ሦስተኛው ኮቪድ 19 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲሰይም፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ምርመራው በመጀመሪያ የሚካሄደው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር፤ ለሩቅ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣ ውጤት የዛሬን በሽተኛ ለማከም አይደርስም። በአገር ደረጃ የተላለፈው ምክር ርቀትን መጠበቅ፣ እጅን መታጠብ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ከቤት አለመውጣት ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ጎጆ ለሚጋራ ቤተሰብ፣ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፎ ለሚጠብቅ፣ ቀለቡን በወረፋ ለሚቀበል ስደተኛ፣ በቆላ ሐሩር አፉን ሸፍኖ እንዲውል ለሚነገረው ሰው ምክሩን በቃል መድገም አይበቃም። ክሊኒኩ ራሱ ርቀት የሚጠበቅበት ስፍራ መሆን አለበት። ቀጠሮን በሰዓት መከፋፈል፣ ተጠባባቂውን ከጠባብ ኮሪደር አውጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ በበሩ ላይ የእጅ መታጠቢያና የልየታ ቦታ ማዘጋጀት ቀላል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሥራውን ከሥሩ የሚለውጡ እርምጃዎች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ጉዳይ ያለው በዚያ የልየታ ቦታ ነው። ትኩሳት የኮቪድ ምልክት ነው፤ ትኩሳት የወባም ምልክት ነው። ጋምቤላ ወባ ጸንቶ የሚኖርበት ምድር ነው። በበሩ ላይ ቴርሞሜትር ይዞ የቆመ ሠራተኛ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን «ተጠርጣሪ» ብሎ ወደ ማግለያ ክፍል ከላከው ወይም እናቱን ከመለሳት፣ ሕፃኑን ወረርሽኙ ሳይነካው ወባው ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እንደ ኢታንግ ባለ አገር ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ከልየታው ጠረጴዛ ሊለይ አይገባውም። ትኩሳት ያለበት ሁሉ እዚያው ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይመርመር፤ ወባ ከተገኘበት ሕክምናው ይጀመርለት፤ በትንፋሹ ላይ ችግር የታየበት ደግሞ ወባ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ይለይ። ምርመራው ለሁለቱም በሽታዎች ጥያቄ እንጂ ለአንዱ ብቻ ፍርድ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

በወረርሽኝ ጊዜ የሚሞተው በወረርሽኙ ብቻ አለመሆኑን ምዕራብ አፍሪካ አሳይታለች። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ። በኋላ በተደረገ ስሌት፣ የጤና አገልግሎት በእኩሌታ በመቀነሱ ምክንያት ብቻ በወባ፣ በኤች.አይ.ቪ.ና በሳንባ ነቀርሳ በተጨማሪ የሞቱት ሰዎች 10 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ይህ ሁለተኛው ሞት በየዕለቱ መግለጫ አይነበብም። የሚታየው በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ነው፤ ባልመጣችው ወላድ፣ ክትባቱን ባቋረጠው ሕፃን፣ መድኃኒቱን ሊወስድ ባልተመለሰው ታማሚ ባዶ መስመር ላይ።

በጋምቤላ ይህ ባዶ መስመር በተለይ ያስፈራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. ሥርጭት ከመቶ 0.9 ሲሆን በጋምቤላ 4.8 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መድኃኒቱን በየወሩ እንዲወስድ የሚጠራ ሰው በወረርሽኝ ጊዜ በየወሩ ወደ ተጨናነቀ ግቢ ይጠራል፤ በክረምት ደግሞ በተቆረጠ መንገድ ይጠራል። ሁኔታው ለተረጋጋ ታማሚ የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት በአገሪቱ ከኮቪድ በፊት የተጀመረ አሠራር ነበር፤ ወረርሽኙ አስፈላጊነቱን አጎላው። በኢታንግ ግን ይህ አሠራር ለጎርፍም ያገለግላል። ለወረርሽኝ የተዘረጋ ጥሩ ዘዴ ብዙውን ጊዜ ለሌላም መከራ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰዎች ክሊኒኩን ሲያምኑ ነው። የአፍ መሸፈኛ ያደረገ፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ከሩቅ ቆሞ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ ቋንቋውን ካልተናገረ ከዳኛ አይለይም። መልእክቱ በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛና በኦፖኛ፣ ከመንደሩ በወጣ ሰው አንደበት መነገር አለበት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በስደተኛ ሰፈሮቹ ውስጥ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና አገልጋዮች ለዚህ ሥራ የክሊኒኩ እግርና ጆሮ ናቸው። ወሬ የሚነሣው፣ ሕመም የሚደበቀው፣ ለቅሶ የሚበዛው በመንደር ስለሆነ፣ ከመዝገቡ በፊት የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ሰላምታ በእጅ በሚሰጥበት አገር እጅ መንሣት ስድብ እንዳይመስል፣ አስቀድመው ሽማግሌዎችን ማነጋገር የሚችሉም እነርሱ ናቸው።

የሠራተኛው ደኅንነትም ከዚህ አይለይም። በትልቅ ሆስፒታል አንድ ሐኪም ቢታመም ሌላ ይተካል። አንዲት አዋላጅ ብቻ ባለችበት ጤና ጣቢያ እርሷ ከታመመች የማዋለጃው ክፍል ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሲከፋፈል ለነርሱ ብቻ ተሰጥቶ ለጽዳት ሠራተኛውና ለዘበኛው መከልከሉ ቁጠባ አይባልም። በሽተኛውን በደጃፍ መጀመሪያ የሚቀበለው ዘበኛው፣ ትፋቱንና ቆሻሻውን የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ። እንዲህ ያለ ቀን ሲደርስ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ይደርቃል፣ የልየታው ድንኳን ይፈርሳል፣ የሠለጠነው ሠራተኛ ይዛወራል፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣም ሁሉ ከሀ ይጀመራል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውን ኢንፍሉዌንዛ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ሕዝብ በልማድ ያቆየውን ትዝታ ሙያው በጽሑፍ ሊያቆየው ይገባል።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊኖር የሚገባው መመሪያ ረጅም መሆን አያሻውም። በሽታው በትንፋሽ ወይስ በውሃ እንደሚተላለፍ በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፤ የሥራው ቦታ በዚያው መልስ መሠረት ይዘዋወር። ለወላድ፣ ለወባ ሕፃን፣ ለክትባትና ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚሆነው በር በምንም ምክንያት አይዘጋ። በየሳምንቱ መጨረሻ፣ የመጡት ሕሙማን ከተቆጠሩ በኋላ ሳይመጡ የቀሩት በስም ተለይተው ይፈለጉ። የክሊኒኩ የወረርሽኝ ዘመን አገልግሎት የሚመዘነው በዚህ የመጨረሻው ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከሰፈሩት ስሞች ስንቶቹ በሚቀጥለው ሳምንት በሕይወት ወደ ደጃፉ ተመለሱ በሚለው።