የባዮጋዝ ቧንቧ ስፋቱ ስንት ይሁን?



ዛሬ የምናወራው ከከብት እበት የሚገኘውን ጋዝ ከጓሮ ወደ ማድ ቤት ስለሚያመጣው ቧንቧ ነው። «ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው፣ ምን ወሬ አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጉድጓዱ በደንብ ተቆፍሮ፣ ግንቡ በደንብ ተገንብቶ፣ ቧንቧው ከጠበበ እሳቱ ይደክማል። እሳቱ ከደከመ እናት ወደ እንጨቷና ወደ ጭሷ ትመለሳለች። ያ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ጋዙ ከየት ይመጣል? እበት ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ማብላያ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ያብላሉታል፤ የሚነድ ጋዝም ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ባዮጋዝ ይባላል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ እንዲሁም ጉራጌ ያን ጊዜ ይገኝበት በነበረው በደቡብ ክልል ሥራ ጀመረ። ፕሮግራሙ ያስፋፋው ማብላያ «ስንዱ» ይባላል። መጠኑም 4፣ 6፣ 8 ወይም 10 ሜትር ኩብ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። የቧንቧን ስፋት ለመወሰን ሁለት ነገር መቁጠር አለብን።

አንደኛው፣ በአንድ ሰዓት ስንት ጋዝ ያልፋል? የሚለው ነው። ውሃ የምንቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደ መስፈሪያ እንውሰድ። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በደንብ ሲነድ በሰዓት ወደ 400 ሊትር፣ ማለት 20 ጀሪካን ጋዝ ይፈጃል። አንድ መብራት ደግሞ ወደ 100 ሊትር፣ ማለት 5 ጀሪካን ይፈጃል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ 20 እና 5 ተደምሮ 25 ጀሪካን ይሆናል። የሚደመረው አብሮ የሚበራው ሁሉ ነው። ማታ ወጥ ሲሠራ መብራቱም ይበራልና፣ ምድጃውን ብቻ ቆጥሮ መተው አይገባም።

ሁለተኛው፣ ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው ስንት ሜትር ነው? የሚለው ነው። ጋዙ በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን እየታከከ ኃይሉ ይቀንሳል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ቧንቧው የሚታጠፍበት ጎሚቶም ያደክመዋል።

የመንደራችንን ጀፎረ አስቡት። ጀፎረው ሰፊ ስለሆነ ማታ ከብቱ ሁሉ ሳይጋፋ ይገባል። ያን ሁሉ ከብት በአንዲት ጠባብ የአጥር በር እናስገባ ብንል ግን ይተፋፈጋል። ጋዝም እንዲሁ ነው። የቧንቧው ስፋት እጥፍ ሲሆን የአፉ መክፈቻ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በስፋት ትንሽ መጨመር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

እንግዲህ ለብረት ቧንቧ ደንቡ ይህ ነው፦

አንድ ምድጃና አንድ መብራት ላለው ቤት፣ ርቀቱ እስከ 60 ሜትር ከሆነ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ይበቃል።

ለዚሁ ቤት ርቀቱ ከ60 ሜትር አልፎ እስከ 100 ሜትር ከደረሰ ሦስት አራተኛ ኢንች ያስፈልጋል።

ሁለት ምድጃና ሁለት መብራት አብረው የሚበሩ ከሆነ፣ ርቀቱ 20 ሜትር ብቻ ቢሆንም ሦስት አራተኛ ኢንች ይሁን።

ምሳሌ እንውሰድ። ከማብላያው እስከ ማድ ቤቱ 24 ሜትር ነው እንበል። ምድጃው አንድ፣ መብራቱም አንድ ነው። ግማሽ ኢንች ይበቃል ማለት ነው። አንዱ የብረት ቧንቧ 6 ሜትር ከሆነ፣ 24 ለ6 ሲካፈል 4 ይሆናል። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ወርዳችሁ 4 ቧንቧ ትገዛላችሁ። ከዚህ የሰፋ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ደግሞም ቧንቧ ሲሰፋ ጋዝ አይጨምርም። ጋዝ የሚጨምረው እበት ነው። አንድ ኪሎ እበት ወደ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። 40 ኪሎ እበት 1600 ሊትር፣ ማለት 80 ጀሪካን ይሰጣል። ይህም አንድ ምድጃ ለ4 ሰዓት ያነዳል። ለወጥና ለቡና ደህና ነው። ለእንጀራና ለቆጮ ሰፊ ምጣድ ግን ይህ ትንሽ ምድጃ አይበቃም።

ስለ አገጣጠሙም ልንገራችሁ። ጋዙ እርጥበት አለው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ቧንቧው መካከል ላይ ከረገበ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ጋዙን ይዘጋዋል። ስለዚህ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ይቀበር፤ በዝቅተኛው ቦታ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ይኑረው። መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይሾልካል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው፤ ቤት ያቃጥላል። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ እሳት አትጫሩ፤ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ።

«እበቱ ለጋዝ ከሄደ እንሰቱ ምን ይብላ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉድጓዱ የሚወስደው ጋዙን ነው፤ የማዳበሪያው ኃይል በአብዛኛው በሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩን ለእንሰቱ ስጡት። ከአንዱ እበት እሳትም ማዳበሪያም ተገኘ ማለት ነው።

ዛሬ ቁጥር መጻፍ፣ መደመርና ማካፈል ታውቃላችሁ። በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይዛችሁ ከማብላያው እስከ ማድ ቤቱ ለኩ። የምድጃውንና የመብራቱን ብዛት ጻፉ። ከዚያ ግንበኛው ወይም ነጋዴው የጻፈላችሁን የቧንቧ ስፋትና ብዛት ከራሳችሁ ስሌት ጋር አስተያዩት። ካልተስማማ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሳይለካ አይከፍልም።