ድምፃችን ከማይደርስበት ቦታ ፎቶ አናነሳም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በፎቶ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፤ ሱሉልታ)



በዛሬው መርሐ ግብር ላይ ለእኛ የተሰጠን ርዕስ «የካሜራዋ አጠቃቀም» የሚል ነው። ሒሳብ ያዣችን ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ ብላ በዝርዝር ስላቀረበች ከእኛ ብዙ ቁጥር አትጠብቁ። እኛ የምንነግራችሁ በአንዲት ትንሽ ካሜራ ምን እንደተማርን፣ ምን እንዳጠፋንና ከጥፋታችን በኋላ ምን እንደወሰንን ነው።

ካሜራዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ሲከፍቷት አፍንጫዋን አስረዝማ የምትወጣ፣ ባለ 10 እጥፍ ዙም ዲጂታል ካሜራ ናት። ሊጎበኙን የመጡ አንዲት ደጋፊ ናቸው ትተውልን የሄዱት። ከዚያ በፊት ብድር ሲከፋፈል ወይም እንግዳ ሲመጣ ፎቶ አንሺ ተከራይተን ነበር የምናስነሳው። ፎቶ አንሺው ሲቀርም ቀኑ ያለ ማስረጃ ያልፋል።

ካሜራዋ እንደመጣች የት እንደገባች ታስታውሳላችሁ? የቁጠባ ገንዘባችን ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ! ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው። አንድ ፎቶ ለማንሳት ሦስት ሴት ከሦስት ሰፈር መጥራት ነበረብን። ላሟ እስክትወልድ ቆመን ጠብቀን፣ ቁልፍ ያዦቹ ሲደርሱ ጥጃዋ ቆማ እየጠባች ነበር። ያኔ ነው ጉባኤው ሦስታችንን መርጦ «ካሜራዋን እናንተ ያዙ» ያለን።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ባናነሳቸው ይሻል ነበር። ራስ የሌለው ሰው፣ ጫማ ብቻ፣ ግማሹን የሸፈነ የራሳችን ጣት። ቀስ በቀስ ግን ካሜራዋ አስተማረችን። ማንሻውን እስከ ግማሽ ተጭኖ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ፣ አረንጓዴ ሳጥን ፊት ላይ ሲያርፍ ብቻ እስከ መጨረሻው መጫን እንደሚገባ አወቅን። የአበባ ምልክት ያለበትን ስንመርጥ የቁጠባ ደብተር ገጽ ከቅርብ ጥርት ብሎ እንደሚወጣ አየን። ከዚያ ወዲህ ደብተር በጠፋ ወይም በዝናብ በራሰ ቁጥር የሚነሳው ጭቅጭቅ ቀርቷል፤ የየወሩ ገጽ ፎቶ አለን።

የሱሉልታ ብርድም የራሱን ትምህርት ሰጠን። ካሜራዋ የምትሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። ከሱቅ የገዛነውን ርካሽ ድንጋይ ከትን ጠዋት በጉም ስንወጣ፣ አምስት ስድስት ፎቶ አንስታ አፍንጫዋን ሰብስባ ትተኛለች። ድንጋዩ ያለቀ መስሎን ጣልነው። በኋላ ነው ባትሪ በብርድ እንደሚደክም፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ በመጠኑ እንደሚያንሰራራ ያወቅነው። አሁን ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ገዝተናል፤ ትርፎቹን ከነጠላችን ሥር በሰውነታችን ሙቀት ይዘናቸው እንሄዳለን።

ነጠላም አስቸግሮን ነበር። በእሑድ ስብሰባ ሁላችን በነጭ ስንቀመጥ ካሜራዋ የልብሱን ንጣት አይታ ብርሃኑን ትቀንሳለች፤ ፊታችን ይጠቁራል። ፍላሽ ስናበራ ከፊት ያሉት እንደ ኖራ ይነጣሉ፤ ከኋላ ያሉት አይታዩም፤ የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ከሦስት አራት ሜትር ብዙም አያልፍምና። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ሰዎቹን ከፀሐይ አውጥቶ ከቤቱ ጥላ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ደጁ ብርሃን አዙሮ ማስቀመጥ።

ስለ ቀኑ ያጋጠመንን ሳንነግራችሁ አናልፍም። ካሜራዋ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን ታትማለች። ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. እሑድ የተነሳው የብድር ርክክብ ፎቶ ላይ «23/10/2011» ይላል። ደረሰኙ 2004፣ ፎቶው 2011! ሪፖርቱን ያነበበ አንድ ደጋፊ «ርክክቡ ከደረሰኙ በኋላ ሰባት ዓመት ለምን ዘገየ?» ብሎ ጠየቀን። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በካሜራዋ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የምንጽፍበት ደብተር አዘጋጀን።

አሁን ወደ ዙሙ እንምጣ። ዙም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መስታወቱ ራሱ ወደ ፊት እየወጣ ሩቁን የሚያቀርብ ነው፤ እሱ እውነተኛ ነው። ሁለተኛው ዲጂታል ዙም የሚባለው ነው፤ ካሜራዋ ያገኘችውን ምስል መሐሉን ቆርጣ ትለጥጠዋለች እንጂ አዲስ ነገር አታይም። ሊጥ ሳይጨመር እንጀራ ለማስፋት እንደመሞከር ነው፤ ይሳሳል፣ ከዚያም ይቀደዳል። ስልክ ላይ ፎቶ በሁለት ጣት ስናሰፋም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ያለ ድጋፍ ሩቅ ስናቀርብ ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይገዝፋል፤ ስለዚህ ክንዳችንን ደረታችን ላይ አጣብቀን ወይም ግድግዳ ተደግፈን ማንሳት ለመድን።

ይህን ከተማርን በኋላ ያየነውን ደስታ አትጠይቁን። ማለዳ በሜዳው የሚሮጡትን አትሌቶች ከአስፋልቱ ማዶ ሆነን እናቀርባለን። በክረምት ውሃ የተኛበትን ሜዳ፣ በመስከረም አደይ አበባ የለበሰውን እናነሳለን። ከቦታችን ሳንነቃነቅ ዓለሙ ወደ እኛ የመጣ መሰለን። ጥፋታችንም ከዚሁ ደስታ መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አባላችን ጭራሮ ተሸክማ ከእንጦጦ በኩል ስትወርድ ከመንገዱ ማዶ አየናት። ጎንበስ ብላለች፣ ላቧ ይወርዳል፣ የአንድ እግሯ ጫማ ተበጥሷል። እስከ መጨረሻው አቅርበን አነሳናት። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» አለ። የዚያ ዓመት ሪፖርት የፊት ገጽ ላይ አወጣነው። ደጋፊዎቻችን ወደዱት። እኛም ኮራን።

እሷ ግን አላወቀችም ነበር። ያወቀችው ሪፖርቱን የያዘ የሰፈር ልጅ ለልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያሳየው ነው። ልጁ እያለቀሰ ቤት ገባ። እሷ ወደ እኛ መጣች፤ አልጮኸችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችን፦ «ያን ቀን አሞኝ ነበር። ያን ጭራሮ የተሸከምኩት ለራሴ ምድጃ ነው፤ እንጨት መሸጥ ከተውኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ብትጠሩኝ ኖሮ ሸክሜን አውርጄ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ እቆምላችሁ ነበር። ምነው ሳትጠሩኝ?»

መልስ አልነበረንም። ያልጠራናት ሩቅ ስለነበረች ነው፤ እንድንጠራት ያላስፈለገን ደግሞ ካሜራዋ ስላቀረበችልን ነው። ፊቷን አቀረብን፤ እሷን ግን ከነበረችበት አላቀረብናትም። ደግሞም ፎቶው እውነት ቢሆን እንኳ ሪፖርቱ ውሸት ነበር። በማኅበሩ ብድር ላም ገዝታ ወተት የምታስረክብን ሴት፣ ዛሬም በእንጨት ሸክም የምትኖር አስመስለን ለሰው አሳየናት።

ከታላላቆቻችን ጋር ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፈላችልን። ስንነሳ «ካሜራዋን ይዛችኋል?» አለችን። «እንግዲያስ አሁን አንሱኝ፤ ላሜንም ጨምሩ።» ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጇን በአንድ በኩል ላሟን በሌላ በኩል አድርጋ ቆመች። ያ ፎቶ ዛሬ በቢሯችን ግድግዳ ላይ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ደጋፊዎቻችንን አንድ ነገር እናንሳላችሁ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ብዩርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን አስደንግጧል፤ ብዙ እርዳታም አስገኝቷል። ያ ምስል ባይታይ ይሻል ነበር አንልም፤ ነፍስ አድኗል። ግን እርዳታው ደርሶ ረሃቡ ካለፈም በኋላ ምስሉ አልሄደም። ኢትዮጵያ ሲባል ለብዙ ዓመት በብዙ አገር ሰው ዓይን የመጣው ያው ምስል ነው። እኛም በትንሿ ካሜራችን፣ በትንሿ ማኅበራችን ያደረግነው ይህንኑ ነበር፦ ያለፈውን ችግር ያላለፈ አስመስለን አቆየነው። ከመሐላችን «የሚያሳዝን ፎቶ ብዙ ብር ያመጣል» ያለ አልጠፋም። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአባላችንን ክብር ሸጠን የምናመጣው ብር ለማን ጉዳይ እንደሚውል ራሳችንን ጠየቅን። በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የጀመረችው ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ አፍሪካውያን ራሳቸውን በራሳቸው ዓይን ማሳየት አለባቸው እያለች ስትሠራ ኖራለች። ይህ ሐሳብ ለሱሉልታ ሴቶችም ይሠራል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ከመሥራቾቻችን አንዷ የነበሩት እናታችን ያረፉ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ለልቅሶ የሚሆን ፎቶ ፈልገው ወደ እኛ መጡ። ቤታቸው አንድም አልነበረም። ከ1,000 የሚበልጡ ፎቶዎች ነበሩን፤ ሌሊቱን ስንፈልግ አደርን። እማማ በ11 ፎቶዎች ላይ ተገኙ። በሁሉም ከኋላ ናቸው። በአንዱ ረከቦት ላይ አጎንብሰዋል፣ በአንዱ ከሰው ትከሻ ጀርባ ግማሽ ፊታቸው ይታያል፣ በአንዱ ትሪ ይዘው እያለፉ ነው። እኛ ስንሰበሰብ እሳቸው ያስተናግዱን ነበርና። የተሻለውን መርጠን ስናሰፋው ፊታቸው ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ተበተነ። ለቀስተኛው የያዘው ፎቶ ያ ነበር፤ የሚያውቃቸው ብቻ የሚለያቸው።

እንግዳ ሲመጣ፣ ቼክ ሲሰጥ፣ ሪባን ሲቆረጥ አንስተናል። ለሌላ የምናሳየውን ሁሉ አንስተናል። ለራሳችን የሚቀረውን አላነሳንም። ይህን ስንነግራችሁ ዛሬም ያፍረናል።

ከነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ጉባኤው ያጸደቃቸውን ውሳኔዎች እነሆ፦

አንደኛ፣ ድምፃችን ከማይደርስበት ቦታ ሰው አናነሳም። ዙሙ ለወፍ፣ ለሜዳና ለጎርፍ ይሁን። ሰው ከሆነ ቀርበን በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ «ላንሳሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ለምን እንደሚውልም እንነግራታለን።

ሁለተኛ፣ የተነሳችው ሴት ፎቶውን በካሜራዋ መስኮት ላይ ታያለች። «ይጥፋ» ካለች እዚያው ፊቷ እናጠፋዋለን።

ሦስተኛ፣ የታመመ ሰውና የሕፃን ፎቶ ያለ ራሱ ወይም ያለ ወላጁ ፈቃድ ወደ ሪፖርት አይገባም።

አራተኛ፣ እያንዳንዷ አባል በየዓመቱ አንድ የራሷ ፎቶ ትነሳለች፤ አሳጥበን እንሰጣታለን። እዚህ ላይ ዙሙ ይጠቅመናል። በጣም ቀርበን ስናነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ፊት ይጣመማል። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ብለን በእውነተኛው ዙም ጥቂት ስናቀርብ ግን ፊቷ እንዳለ ይወጣል። እርምጃውም እየተነጋገሩና እየተሳሳቁ ማንሳት የሚቻልበት ነው።

አምስተኛ፣ በየስብሰባው ቡና የምታፈላው ሴት መጀመሪያ ትነሳለች።

ይህን ከጀመርን ወዲህ ያየነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። አንዳንድ እናቶች ከመታወቂያ ፎቶ በቀር በሕይወታቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም ነበር። አንዲት እናታችን ፎቷቸውን ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ «እናቴን መስያለሁ» አሉ። የእናታቸው ፎቶ የላቸውም፤ ፊታቸውን የሚያስታውሱት በልባቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ፎቶ እንደ ሁለት ሰው ፎቶ ነው የሚይዙት።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ከእንግዲህ በምንልክላችሁ ሪፖርት የሚያስለቅስ ፎቶ ጥቂት ታገኛላችሁ። ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የለበሱ፣ ወደ እናንተ የሚያዩ ሴቶች ታያላችሁ። «ችግሩ አለቀ ማለት ነው?» እንዳትሉን። ችግሩ አለ፤ በቁጥርም በቃልም በሐቅ እንነግራችኋለን። ጎርፍ የገባበትን ቤት ባለቤቷ ስትፈቅድ እናሳያችኋለን። ፊቷን ግን እንዴት እንደምታሳይ የምትወስነው እሷ ናት።

አባሎቻችን፣ ካሜራዋ አርጅታለች፤ መስታወቷም ጭረት ይዟል። ዛሬ ከእኛ ብዙዎቹ ስልክ አላቸው፤ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆኗል። ስለዚህ ይህ ደንብ የሦስታችን ብቻ አይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የአንዳችንን ክብር መጠበቅ የሁላችን ሥራ ይሁን።

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የዚህ ዓመት ፎቷን ያልተነሳች ካለች፣ ከቤቱ ጥላ ሥር ወንበር አዘጋጅተናል። ቡና የምታፈላልን እህታችን ተነስታለች፤ ተረኛዋ ትምጣ።