ተመችቶሻል



ከመሥሪያ ቤቴ ወደ ታክሲ መያዣው ስወርድ፣ የእግረኛው መንገድ ዳር ካርቶን አንጥፎ ሰው የሚመዝን ልጅ አለ። ታውቁታላችሁ፤ የእኔው ባይሆን የእናንተ ሰፈሩ። የሚዛኑ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ወጣሁበት። 69 አለ። ከሰባት ወር በፊት እዚያው ሚዛን ላይ 61 ነበርኩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበና ፊቱ ፈካ። «ማዘር፣ ተመችቶዎታል!» አለኝ።

ያን ዕለት ከሚዛኑ የወረድኩት የልጁን ትከሻ ተደግፌ ነው። ወገቤ አላወርድ ብሎኝ።

በእኛ ቋንቋ ውፍረት የጤና ወሬ ሆኖ አያውቅም፤ የኑሮ ወሬ ነው። የከሳ ሰው «ምን ነካህ?» ይባላል፣ ዞር ሲል ደግሞ ይንሾካሾኩበታል። የወፈረ «ሰው መሰልክ» ይባላል፤ እስከዚያ ምን ይመስል እንደነበር እግዜር ይወቅ። ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ አንዲት የሥጋ ዘመዴ ጉንጬን ይዛ «እንኳን ተሻለሽ! ወዝሽ ተመለሰ» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል? ወንበር ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ መሆኔን ማንም ልብ አላለም። ጀርባዬን ስሰጥ ግን ሌላዋ «ታማለች የተባለችው ይቺ ናት እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ከታመምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ነክቷል ነው የተባልኩት። ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ ታፋዬ ቁልቁል እስከ ተረከዜ እንደ ጋለ ሽቦ የሚወርድ ነገር አለ። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የዘለቀን ህመም ሥር የሰደደ ይሉታል፤ የእኔው ሥር ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፍም አውጥቷል።

ብዙ ነገር ሞክሬ በመጨረሻ የታዘዘልኝ ማታ ማታ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ኪኒን ናት፤ አሚትሪፕቲሊን፣ 25 ሚሊግራም። ወረቀቷን ሳነብ «ለድብርት» ይላል። እኔ ወገቤን ብላቸው ጭንቅላቴን ሊያክሙ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ መድኃኒቷ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደችው ለድብርት ነበር። አነስ ባለ መጠን ስትሰጥ ደግሞ የነርቭን ጩኸት እንደምታበርድ ታየ። ስሟን አላጠፋም። እንቅልፌን የመለሰችልኝ እሷ ናት። ያን ሁሉ ሌሊት ጣራ ሳይ ላደርኩ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእንቅልፉ ጋር ግን ረሃብ መጣ። ጦም ውሎ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ራት በልቼ፣ ጠግቤ፣ ተኝቼ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በባዶ እግሬ ሞሰቡ ጋ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ቀዝቃዛ እንጀራ፣ ያለወጥ፣ በጨለማ።

መድኃኒቱን ያዘዘልኝን ሐኪም «ያወፍራል እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ቀና ሳይል «ዋናው ህመሙ ነው» አለኝና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ያስረዳችኝ የሰፈራችን ፋርማሲስት ናት። ሰውነታችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ፤ አንጎል ውስጥ ንቁ ያደርገናል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይገታል። አሚትሪፕቲሊን የሂስታሚንን በር ትዘጋለች። ስለዚህ እንቅልፉም ረሃቡም ከአንድ በር የገቡ እንግዶች ናቸው። በብዙ አገር እህል አልበላ ለሚል ሕፃን የሚሰጠው ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለው ሽሮፕ የሚሠራውም ይህንኑ በር ዘግቶ ነው። እኔ በ48 ዓመቴ የሕፃን ማስበያ እየዋጥኩ ኖሯል!

«አፍሽስ አይደርቅም?» አለችኝ። ይደርቃል እንጂ፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። «ታዲያ በምን ታርሺዋለሽ?» ዝም አልኩ። በቀን ሦስት ለስላሳ። አንዱ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ግድም ማለት ነው። ሻዬን ያለስኳር እየጠጣሁ፣ ያውም እየተኩራራሁ፣ በሌላ በኩል በቀን ሃያ ማንኪያ እልሳለሁ።

የአክስቴ ደግሞ ይብሳል። እሷ ለመገጣጠሚያ ህመም ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ጉንጮቿ ሞሉ፣ እግሮቿ ግን ቀጠኑ። ሐኪሞች «የጨረቃ ፊት» ይሉታል። እኛ ጨረቃ የመሰለች ብለን ስንት ሙሽራ ዘፍነንላታል! አክስቴን ቡና ላይ እንዲህ ሲሏት ሳቋን አፍና ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ትስባለች። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ አጀማመሩ ተአምር ነበር። በ1948 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች እና ባልደረቦቹ ኮርቲዞንን በመገጣጠሚያ ህመም ለተያዘች ወጣት ሴት ሰጡ፤ መራመድ ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ ገበያ ወጣች። በ1950 ኖቤል ተሸለሙበት። የጨረቃው ፊት ወሬ በኋላ ነው የደረሰው። አክስቴን ከሁሉ ያሳሰባት ግን ጦሙ ነበር፤ ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። የነፍስ አባቷ «በልተሽ ዋጪ» ብለው ገላገሏት።

እኔ ሁዳዴን ጦምኩ። 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይነካኝ እከሳለሁ ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በያይነቱ ሲቀርብ ዘይት የጠጣውን ሽሮ፣ ጎኑ ላይ ሳምቡሳውን፣ ከዚያ ሌሊት ያው ሞሰቡን። ፋሲካ ላይ አንድ ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ።

መካሪ መቼም አይጠፋም። ተልባ በጥብጪ፣ ፌጦ ዋጪ፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ። ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሩጪ» የሚለው ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱትን በታክሲ መስኮት ሳይ እቀናለሁ። እኔ ካልሲዬን ለማድረግ አልጋ ጠርዝ ላይ አሥር ደቂቃ የምታገል ሰው ነኝ። ስለሚያመኝ አልንቀሳቀስም፣ ስለማልንቀሳቀስ እወፍራለሁ፣ ስለምወፍር ያመኛል። የጉልበት አርትራይተስ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል እንደሚቀል አሳይቷል። የእኔን ስምንት ኪሎ በአራት አባዙት። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ስለ አዲሱ የማክሻ መርፌ ነገረችኝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ወፍራም ሰዎች ክብደትም ህመምም እንደቀነሰ በ2024 ጥናት ወጥቷል። ዋጋውን ስትነግረኝ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከሰርጉ በኋላ ተናድጄ ኪኒኑን በራሴ አቆምኩት። ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ሽቦው እንደገና ጋለ። የአክስቴ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ይከፋ ነበር፤ ያን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚተው ድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

አሁን ሌላ ሐኪም አለኝ። ቀና ብላ የምታይ። መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ 10 አወረደችው፣ ሰዓቱንም ወደ ማታ አንድ ሰዓት አመጣችው፤ ረሃቡ ሳይነሳ እንቅልፉ ይቀድመኛል። በለስላሳው ፈንታ ውኃ በቦርሳ እይዛለሁ። ሩጫውን ትተሽ አሥር ደቂቃ ሜዳ ላይ ተራመጂ፣ ጠዋትና ማታ፣ አለችኝ። ህመሙ አለ። ከአሥር አራት፣ አንዳንድ ቀን ስድስት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ስወርድ ልጁ እዚያው ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ ማንንም ሳልደገፍ ወጣሁ። 66። ልጁ አጎንብሶ አየ፣ ሚዛኑን በእጁ መታ መታ አደረገና እንደገና አየ። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል።

«ማዘር፣ አይዞዎት» አለኝ፤ «ይመለሳል።»