ገዳይ የጻፈው ምስክርነት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አሮጌ ወረቀት ለመናገር ነው። ሀገራችን ስንት አንገብጋቢ ጉዳይ እያላት ወረቀትን መምረጣችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ዳሩ ግን ወረቀት በሌለበት ገዳይ «አልገደልሁም» ለማለት ይደፍራል፤ የሟችም ወገን በአደባባይ የሚያቀርበው ማስረጃ ያጣል። ይህ በእኛ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ቦምብ መጣል እንደ ጀመሩ አባቶቻችን ተናግረዋል። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አሰምተዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ በኢጣልያ ለስድሳ ዓመት ያህል ሲካድ ኖረ። በዚያ ጦርነት የዘመተው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ከካዱት አንዱ ነበረ። የእኛ ሽማግሌዎች የተቃጠለ ገላቸውን ቢያሳዩም የሚሰማቸው አልተገኘም። ክርክሩን የፈታው የራሳቸው የጦር ሠራዊት መዝገብ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ቴሌግራሞቹን እያወጣ ለብዙ ዓመታት ተሟገተ፤ በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ መጣሉን በይፋ አመኑ። ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ።

እነዚህ ሰነዶች የት ይገኛሉ? ዋናው ክፍል ሮማ ውስጥ በኢጣልያ ጦር ኤታማዦር የታሪክ ክፍል ተቀምጧል። ሌላው ደግሞ የአሜሪካ ጦር ከጀርመኖች እጅ ያገኘው የኢጣልያ ጦር መዝገብ ሲሆን፥ በማይክሮፊልም ተነሥቶ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ስለዚህ በአሜሪካም ሆነ በአውሮጳ ለምንማረው ለእኛ ሰነዱ ሩቅ አይደለም፤ የባቡር ወይም የአውቶቡስ መንገድ ነው።

በውስጡ ምን አለ? ሙሶሊኒ በታኅሣሥ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ባዶሊዮ ማናቸውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም አለ። በሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ በዐመፀኞችና ከእነርሱ ጋር በተባበረው ሕዝብ ላይ የማሸበርና የመፍጀት ሥራ በተደራጀ መንገድ እንዲካሄድ ለግራዚያኒ የሰጠው ፈቃድ አለ። እንግዲህ ግፉ የአንዳንድ ወታደሮች ብልግና ሳይሆን በቁጥርና በቀን ተመዝግቦ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነበር።

ነገር ግን ወንድሞችና እኅቶች፥ የጠላት ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያሻል። የኢጣልያ ጦር ሰው መረሸኑን ሲጽፍ የሚጠቀምበት አነጋገር ቃል በቃል ቢተረጐም «በጦር መሣሪያ በኩል አለፉ» ማለት ነው። ግድያው የለም፥ ገዳዩም የለም፤ ሟቾቹ ራሳቸው በአንድ በር ያለፉ ይመስላል። አርበኛውም በዚያ መዝገብ «ወንበዴ» ነው። ቁጥር አለ፥ ስም ግን የለም።

ቁጥሩም ቢሆን ሙሉ አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተፈጸመው ግድያ ግራዚያኒ ያስተላለፋቸው ቴሌግራሞች ሲደመሩ 449 ሰው ይሆናል፤ 297 መነኮሳት፥ 23 ምእመናን፥ 129 ዲያቆናት። ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በየስፍራው እየዞሩ በሕይወት የተረፉትን ከጠየቁ በኋላ ግን የሟቾች ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ ገምተዋል። ከቴሌግራሙ ሦስት እጥፍ የሚበልጠውን ሰው ያስታወሰው የሕዝቡ አፍ ነው።

በሌላ ስፍራ ደግሞ ወረቀቱ ወደ አፉ መርቷል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ ዘረት በተባለው ስፍራ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ወገኖች ነበሩ፤ ሴቶች፥ ሕፃናትና ቍስለኞችም በመካከላቸው ነበሩ። በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ እጃቸውን ሰጥተው ከወጡትም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ ተመራማሪ በጦሩ ቤተ መዛግብት ያገኘውን ሰነድ ይዞ በ1998 ዓ.ም. እስከ ዋሻው ደረሰ፤ የሟቾቹም አጥንት እዚያው ነበረ። የአገሩ ሰው ዋሻውን አንድም ቀን አልረሳውም ነበር። የረሳነው የተማርነው ነን።

ፎቶግራፎቹስ? ብዙ የኢጣልያ ወታደር በስቅላትና በተቈረጠ ራስ አጠገብ እየቆመ ለማስታወሻ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ይህ ሥዕል ለእናቱ ወይም ለወዳጁ የሚያሳየው ጀብዱ ነበር። እኛ ዛሬ ስናየው ግን ዓይናችን ከሚሥቀው ወታደር ላይ አያርፍም። «ያ ሰው የማን ልጅ ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። ከፎቶግራፉ ጀርባ የቦታው ስም ቢገኝ እንኳ የሟቹን ስም የሚነግረን የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

አንድ መራራ ነገርም ሳንናገር አናልፍም። ከዚህ መዝገብ የሚወጣው ክብር ብቻ አይደለም። በደብረ ሊባኖስ ከተኮሱት ውስጥ ከቅኝ ተገዢ ሕዝብ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ። ለጠላት ያደሩ ባንዶችም የዚያ ጦር አካል ስለ ነበሩ መዝገቡ እነርሱንም ያነሣል። የአያቱን ስም ከአርበኛ ስፍራ ሲፈልግ ከባንዳ ተራ የሚያገኘው ሊኖር ይችላል። ታዲያ እንዝጋው? አይደለም። ኢጣልያኖች ስድሳ ዓመት የሸሹትን እውነት ተቀበሉ እያልን፥ እኛ የራሳችንን ብንሸሽ ክርክራችን ይረክሳል።

ክሕደቱም ገና አላበቃም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሮማ አጠገብ አፊሌ በምትባል መንደር ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሕንፃ ተመርቋል። ለዚህ መልሱ ጩኸት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ቀኑና ቁጥሩ የታወቀ ሰነድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በሰነዶቹ አጠገብ የምንማር ሰዎች ኢጣልያንኛ እንማር፤ ስለ አገራችን ያለውን እየቀዳን ዝርዝሩን በአማርኛ አዘጋጅተን ወደ አገር ቤት እንላክ። በአገር ቤት ያላችሁም ሣጥኖቻችሁን ክፈቱ። ማኅተም ያለበት የአርበኛ ደብዳቤ፥ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፥ በዳዊት ጠርዝ ላይ የተጻፈ የሙት ቀን፥ ይህ ሁሉ የእኛ የጦር መዝገብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ በ1929 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ መቶ ዓመት ተቃርቧል። ወረቀቱ ይቆየናል፤ እርሱ ግን አይቆየንም።

ገዳይ ቁጥሩን ጽፎልናል። ስሙን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።