ከሰውነት ውጭ የሚበስል እንቁላል፦ ብድር ከመወሰናችን በፊት ያወቅነው



አንዲት አባላችን ልጅ ለመውለድ ለመታከም ከንፋስ መውጫ አዲስ አበባ ልትሄድ ከቁጠባችን ብድር ጠይቃለች። «እንቁላልሽን ጥሬውን ወስደን በላብራቶሪ እናበስለዋለን» ተብላለች። እኛም ከመወሰናችን በፊት ጠያየቅን።

በመንግሥት በኩል ይህን መሰል ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። በተለመደው መንገድ ሴቲቱ ለ10 ቀናት ያህል መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቿ እዚያው ሆዷ ውስጥ ከበሰሉ በኋላ ይወሰዳሉ። በሌላው መንገድ ግን እንቁላሉ ሳይበስል ተወስዶ በላብራቶሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። መርፌው ይቀንሳል፤ በመርፌው ብዛት የሚመጣው የሆድ ማበጥና ሕመምም ይቀራል። የወር አበባቸው ለሚዛባና ብዙ ጥቃቅን እንቁላል ላላቸው፣ የካንሰር ሕክምናም ለሚያስቸኩላቸው ይጠቅማል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልደት በኮሪያ በ1991 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ።

ታዲያ ስጋቱ ምንድን ነው? ድፎ ዳቦ ላዩ ቀልቶ ሲቆረስ መሐሉ ሊጥ የሆነበት ጊዜ ለሁላችንም አለ። እንቁላሉም እንዲሁ ነው። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚያየው ምልክት እንቁላሉ ግማሹን ክሮሞዞም በትንሽ ጠብታ መልክ አውጥቶ መጣሉን ነው። ይህ ሲሆን «በስሏል» ይባላል። ጽንሱን በመጀመሪያ ቀናት የሚመግበው የውስጡ ፈሳሽ ግን ገና ላይደርስ ይችላል፤ ያንን ደግሞ ዓይን አያየውም። ስለዚህ አንዳንዱ ሳይዳብር ይቀራል፣ አንዳንዱም ዳብሮ እድገቱ ይቆማል።

በቬትናም ብዙ ጥቃቅን እንቁላል ባላቸው 546 ሴቶች ላይ ተጠንቶ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመጀመሪያው የጽንስ ማስገባት በኋላ በላብራቶሪ ከበሰለላቸው ከ100 ሴቶች 35 ገደማ፣ በመርፌው መንገድ ከሄዱት 43 ገደማ ወልደዋል። አጥኚዎቹ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ላም ሸጦ ለሚሄድ ሰው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው ቁም ነገሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ዘንድ «መካን» የሚባለው ሴቷ ብቻ ናት። ችግሩ ከወንዱም ይመጣል፤ የእሱ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው፣ መቅደም የነበረበትም እሱ ነው።

እህታችን ለጉዞና ለመጀመሪያ ምርመራ የሚሆናትን እንድትበደር ተስማምተናል። በዚያ ቤት ከ100 እንቁላል ስንቱ እንደሚበስል፣ ስንት ሴት እንደወለደች፣ ካልተሳካም እንደገና ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቃ ስትመለስ የቀረውን እንወስናለን። ባለቤቷም አብሯት ይሄዳል።