የእድሩ ወንበርና የመንግሥት ወንበር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሽማግሌዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «እባካችሁ አጠር አድርጉት» ብለውናል። ሽማግሌን አሳጥር ማለት ክረምትን ቶሎ አባራ እንደ ማለት ቢሆንም እንሞክራለን። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ለመምከር ብቻ አይደለም፤ አንድ የቆየ ዕዳ አለብን። ዕዳውን ግን ወደ መጨረሻው እናመጣዋለን። ዕዳውን አስቀድሞ የሚያወራ ሰው የት ይገኛል?

እንደምታውቁት እኛ የዚህ ሠፈር ሽማግሌዎች ብዙ አይተናል። ልጆች ሳለን በንጉሡ ዘመን ተሰልፈን መዝሙር ዘመርን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡና ብዙም ሳንቆይ ሌላ መዝሙር አጠናን። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መንግሥት አዲስ አበባ ገባ፤ ሦስተኛው መዝሙር መጣ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሦስቱንም መጀመሪያ እናውቃለን፤ የቀረውን ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን እንከተላለን።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለበት ብር ተለወጠ። በ1990 ዓ.ም. እንደገና ተለወጠ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ ባለ 200 ብር ኖት ተጨምሮበት አሁንም ተለወጠ። ሦስቱንም ጊዜ ተሰልፈን ለወጥን፤ ከሰልፉ ሀብታም ሆኖ የወጣ የሠፈራችን ሰው ግን አላየንም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። ያን ሰሞን አንዲት እናታችን «እኔ ዶላር አልገዛ፣ ዶላር አልሸጥ፣ ምን አገባኝ?» ብለው ነበር። ዘይት ሊገዙ ሱቅ ደርሰው ሲመለሱ፣ «ለካስ አግብቶኛል» አሉ።

አድራሻችንስ? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቀበሌ ሰዎች ሆንን። ከፍተኛ ተባልን፣ ወረዳ ተባልን፣ ክፍለ ከተማ ተባልን። ቤታችን ከመሠረቱ ሳይነቃነቅ አድራሻችን ብዙ አገር ዞረ። ቢሆንም አፋችን አልተለወጠም፤ ዛሬም ወረዳ ሄደን ስንመለስ «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» እንላለን። በደርግ ጊዜ ኩፖን ይዘን በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳር እንሰለፍ ነበር። ከዚያ ወዲህም በሸማቾች ደጃፍ ለስኳርና ለዘይት ተሰልፈናል። ሰልፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጉልበታችን ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ታዝበናል። አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወንበር አለ፤ አንዱ የመንግሥት ወንበር፣ ሌላው የእድር ወንበር። የመንግሥቱን ወንበር የያዘ ሰው በፈቃዱ ሲመልስ እኛ እምብዛም አላየንም። የእድሩ ወንበር ግን ተቆጥሮና ተፈርሞበት ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይመለሳል። ሁለት ቢጎድል ንብረት ክፍላችን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ትልቅ ሰው ነኝ ብሎ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ በእድር ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። ለዚህ ነው መንግሥታት ሲያልፉ እድራችን የቆየው፤ እኛ በልጠን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዕዳው እንምጣ።

በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የአንዲት የሠፈራችን እናት ልጅ ተገደለ። ሬሳው ከነተለጠፈበት ጽሑፍ መንገድ ዳር ተጥሎ ዋለ። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድንኳን መትከል ክልክል ነበር። በዚያ ማለዳ ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳኑ ከተጠቀለለበት አልተፈታም፤ ወንበሮቹም ከመጋዘን አልወጡም። እኛ ያን ጊዜ ገና ወጣቶች፣ የእድሩም አዲስ አባላት ነበርን። በደጃቸው ስናልፍ ጫማችንን እናይ ነበር። አንዲት ጎረቤት ብቻ «እሳት ልጫር» ብለው ገል ይዘው ገቡ፤ ከነጠላቸው ሥር ንፍሮ ደብቀው ነበር። እሳት ለመጫር ከጧት እስከ ማታ ቆዩ። ከሠፈሩ ወንድ ሁሉ የበለጠ ልብ የነበራቸው እሳቸው ናቸው።

ያቺ እናት ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። የኛ አባት ሲሞት መጡ፤ የኛ እህት ስትሞት መጡ። በስም ጥሪው አንድም ቀን «ቀሪ» ተብለው አያውቁም፤ ቅጣት ከፍለውም አያውቁም። ያንን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አንስተውብን አያውቁም። በ1997 ዓ.ም. ሲያርፉ ድንኳኑን ተከልን፤ ወንበሩን አንድ ሳይቀር አወጣን። ነገር ግን ድንኳኑ 27 ዓመት ዘግይቶ ነበር። ያላወቃችሁ ወጣቶች ዛሬ ከኛው አፍ ስሙት፤ ዕዳችን ይህ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለፈውን ለማልቀስ አይደለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በሠፈራችን ሰላምታ የተቋረጡ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሟል፤ እኛ ሠፈር ግን ገና የፈረመ የለም። በቅርቡ በአንድ ቤት ሐዘን ሲደርስ፣ «እነሱ እኮ የእንትን ወገን ናቸው» ተብሎ ከድንኳን ደጅ የተመለሱ ነበሩ። መዋጮውን በቴሌብር ልከዋል። ቴሌብር መልካም ነገር ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ከሳንቲም ቆጠራ ዐርፈዋል። ቴሌብር ግን ሐዘንተኛ አጠገብ አይቀመጥም፤ ዝም ብሎ አብሮ አያመሽም።

በኛ ጊዜ ሬዲዮው አንድ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ወሬ ሰምተን ሁላችንም አናምነውም ነበር። አሁን እያንዳንዱ በየስልኩ የየራሱን ወሬ ይሰማል፤ ክፋቱ ደግሞ ያምነዋል። ያኔ ከጎረቤታችን ደጅ የመለሰን ጠመንጃ ነበር። ፈርተን ነበር፤ ፍርሃት ባያኮራም ምክንያት ነው። ዛሬስ ማን ከለከለን? በደጁ የቆመ ዘብ የለም። የከለከለን ኪሳችን ውስጥ ያለ ስልክ ነው።

ፖለቲካ አታውሩ አንልም። ኧረ አውሩ! ቡና ላይ ተከራከሩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተከራከሩ፤ እኛም አፋችን አላረፈም። የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ጡሩምባ ሲነፋ «ማን ሞተ?» ተብሎ ይጠየቅ እንጂ «የማን ወገን ነው?» አይባል። በመዝገባችን ላይ ስምና የቤት ቁጥር እንጂ ወገን የሚጻፍበት ዓምድ የለም። እንዲከፈትም አንፈቅድም።

ሁለተኛ፣ ቤታቸው በልማት ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ አባሎቻችን ራቁ ተብለው እንዳይሰረዙ። መንገዱ ቢርቅ ሚኒባስ ተከራይተን እንደርሳለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ጎረቤት ቢርቅም ጎረቤት ነው እንላለን።

ሦስተኛ፣ ስብሰባው እንዳበቃ እኛ ሽማግሌዎች ወደዚያ ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት እንሄዳለን። ቀኑ አልፏል፤ ድንኳኑም ተነሥቷል። ቢሆንም 27 ዓመት ከመዘግየት ጥቂት ሳምንት መዘግየት ይሻላል። ያልደረሳችሁ አብራችሁን ኑ። ምን ብለን እንግባ የምትሉ እንደሆነ፣ እሳት ልንጭር መጣን በሉ፤ ይገባቸዋል።

ወጣቶች ደግሞ አንዳንድ ወንበር ተሸክማችሁ ተከተሉን። እኛ ቆመን የምናመሽበት ጉልበት አልቆብናል። ስትመለሱ ግን ቆጥራችሁ መልሱ፤ የመንግሥት ወንበር አይደለም።

 ደኅና ያክርመን።