ተሳቢው እንዴት ይክረም?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት የንብረት ተጠሪዎች፣ ሾፌሮችና የጥበቃ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር




እንደሚታወቀው በቦንጋ፣ በገራ፣ በሚዛንና በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናብ ይጥላል። ይኸው ቡናውን የሚያኖረው ዝናብ ብረቱን ይበላዋል። ብረት ለመዛግ ውኃ እላዩ ላይ እስኪፈስ አይጠብቅም፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ካለፈ ዝገቱ ይፋጠናል። የክረምቱ ሌሊት ደግሞ በእነዚህ ወረዳዎች ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ በየቤቱ የሻገተ ቆዳና የረጠበ ጨው ይመሰክራል።

የማኅበሩ የትራክተር ተሳቢ በበልጉ ማዳበሪያ ያመላልሳል፤ ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ይጭናል። በመካከሉ አራት ወር ያህል ይቆማል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በእነዚህ አራት ወራት ሲሆን የሚታወቀው ግን ጥቅምት ላይ፣ ትራክተሩ መጥቶ ሲጎትተው ነው። ኩሽኔታው አልዞር፣ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ተሳቢው ግቢ ሲቀር እሸቱ በየመረከቢያው በጆንያ እንደተከመረ ያድራል። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል። ያደረ እሸት ይሞቃል፣ ይብላላል፤ የታጠበ ቡና ሆኖ ሊሸጥ የነበረው ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ለአንድ ኩሽኔታ የሚሆን ግራሶ ሰኔ ላይ ሳይገባ ከቀረ፣ ዋጋውን ኅዳር ላይ የሚከፍለው አባሉ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ብረት ላይ ይቀልጣል፤ በስፖንዳው ማጠፊያ፣ በወለሉ ስንጥቅና በሻንሲው ጥግ የቀረች ጥቂት ፍሬ ቀለሙን አንሥታ ብረቱን ትቦረቡራለች። በመጀመሪያ ደረቁን በመጥረጊያ ማውጣት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ ይገባል። ያለፈው ዓመት የእሸት ጭማቂ የደረቀበት ቦታም ካለ አብሮ ይታጠባል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ጉንዳን ይጠራል፣ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረት ይበላል። ከታጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳይመታው ወደ መጠለያ ማስገባት ከነጭራሹ አለማጠብን ያህል ይጎዳል።

የዛገው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል፤ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ከዚህ ቀጥሎ ግን ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱበት ነገር ይመጣል። ሾፌሩ ለንብረቱ በማሰብ የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ በብሩሽ እየነከረ ተሳቢውን ከላይ እስከ ታች፣ ከውጭም ከውስጥም ይቀባዋል። ብረቱ በእርግጥ አይዝግም። ቡና ግን እንደ ቅቤ ነው፤ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይይዛል። ወለሉ እንጨት ከሆነ ናፍጣው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በሳሙናም ቢታጠብ ፀሐይ ሲያገኘው መልሶ ይሸታል። የናፍጣ ሽታ የያዘ ቡና ደግሞ ቀማሾች ፊት ሲቀርብ ከየትኛው ተሳቢ እንደመጣ የሚጠይቅለት የለም። በመሆኑም ዘይት የሚቀባው ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ቡሎኑና ዳዶው፣ የመጎተቻውም ዘንግ ብቻ ነው። ቡናው የሚያርፍበት የሳጥኑ ውስጥ ታጥቦና ደርቆ ባዶውን ይክረም። ትንሽ ቢዝግ ይሻላል፤ ዝገት ተፍቆ ይለቃል።

ቀጥሎ እግሩ ነው። ተሳቢው በክሪክ ተነሥቶ በአክስሉ ሥር ጠንካራ ግንድ ወይም ብሎኬት ይገባለታል፤ ጎማው ከመሬት ጣት ያህል ቢለቅ በቂ ነው። አራት ወር በአንድ ጎኑ የቆመ ጎማ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ኩሽኔታው አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ ግራሶ ይጠጣል። የእጅ ፍሬን ተይዞ አይተውም፤ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃልና። ፍሬኑ ተለቅቆ፣ መሬት የነካ ጎማ ካለ በታኮ ይያዝ። ገልባጭ ከሆነ ሳጥኑ ወርዶ ይቁም፤ ተነሥቶ ከቆመ የፒስተኑ ዘንግ ለእርጥበቱ ተጋልጦ ይቦረቦራል፤ በኋላም ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጠዋል።

ሽፋንን በሚመለከት፣ እርጥብ ቡና በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያድር ምን እንደሚሆን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ተሳቢም እንዲሁ ነው። በላስቲክ ግጥም ተደርጎ የታሰረ ተሳቢ ሌሊት ሌሊት ከውስጥ ያልበዋል፤ ከዝናብ ሸሽቶ በራሱ ላብ ይዝጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃዋል። ዳስ ከሌለ ሸራው በእንጨት ከፍ ተደርጎ፣ ከፊትና ከኋላ ነፋስ እንዲያልፍ ተከፍቶ ይወጠር። ከሥሩ ጠጠር ቢደለደል መሬቱ የሚተነፍሰው እርጥበት ይቀንሳል። ተሳቢው ወደ ኋላ ትንሽ አዘቅዝቆ የኋላ ስፖንዳው ቢከፈት፣ የገባ ውኃ አይጠራቀምም።

ጥበቃዎችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። የቆመ ተሳቢ የግቢው ሁሉ መጋዘን ይሆናል፤ አሮጌ ጆንያ ይጣልበታል፣ ማገዶ ይከመርበታል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል። ጆንያው የአይጥ ጎጆ ነው፤ አይጧም የኋላ መብራቱን ሽቦ ትቆርጣለች። የዶሮ ኩስ ቀለም ይልጣል። የጥበቃ ሠራተኛው ይህን መከልከል እንዲችል የንብረት ተጠሪው በግልጽ ሊያዘው ይገባል፤ አለዚያ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ማገዶ ቢያስቀምጡ ምን ብሎ ይመልሳቸዋል?

በየ15 ቀኑ አንድ ሰው እያንዳንዱን ጎማ በእጁ ጥቂት ጊዜ ያሽከርክር፤ ግራሶው ኩሽኔታውን መልሶ ያለብሰዋል። ፀሐይ የወጣ ቀን ሸራው ይገለጥ። የተሠራው ሥራ ከነቀኑ በንብረት መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ሾፌር ሲለወጥ ተተኪው መዝገቡን አይቶ ይቀጥላል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ተሳቢው ከብሎኬቱ ይወርዳል፤ የጎማው ነፋስ ይለካል፣ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፣ ሳጥኑ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከደረቀ በኋላ ማታ በሸራ ይሸፈንና ጠዋት የንብረት ተጠሪው ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያሽትት። ናፍጣ ወይም ማዳበሪያ ከሸተተው እንደገና ይታጠባል፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስም እሸት አይጫንበትም።